ሦስተኛዋ

ጥላዬ፣ የታወቀውን ለአዋቂው ተውለት፤
ይችን ሚሞሪ ስልክህ ውስጥ ክተታት፣
ሦስተኛዋን፣ ስም የሌላትን ክፈታት።
ጠባሴ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በአንድ ማይክ ቀዷት
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ የወጡ ልጆች፣ አራት።
ከበሮው ጀሪካን ነው። ቤዙ ይዘገያል፤
የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣት ያደነዝዛል።
ትርንጎ ናት ዘፋኟ፤ ድምጿ ሻካራ፣
ሁለተኛው አዝማች ላይ ታስላለች፤
እንዳትዘላት።
ያችን ሳል ስንት ሌሊት ጠብቄያታለሁ።

አምና ጣርማ በር ላይ፣ ጉም መንገዱን ውጦ፣
አውቶቡሱ ቆሞ፣ ሰዉ ቆዝሞ ተቀምጦ፣
ጎኔ ያለች ሴትዮ «እስቲ አንዱን ጆሮ» አለችኝ፤
ደብረ ሲና እስክንወርድ አልመለሰችልኝ።
ማን ናቸው? አላለችም።
ስትወርድ ግን ትርንጎን አስመስላ ሳለች።

እና ለሰው አዳርስ።
ካርዷን ግን መልስ።