ባዶ ምስማር

መንደራ ነው ቤቴ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፤
አዴ ዲንቂቱ ናቸው የሰጡኝ፣ ቁልፉን ከቃል ጋር፦
«ምስማር የለም ልጄ፣ ቀለምም አልወድም፤
ግድግዳ ይቆስላል፣ ቁስሉ ደግሞ አይድንም።»

እሺ አልኩ።
እሺ ያለው አፌ ነው፣ እጄ መቼ እሺ አለ?
ከውሉ መስመር መሐል ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ።

ማገር ግድግዳ አይደል፤ ከማገሩ ክር አወረድኩ።
ሸምሱ አናጢው ደጅ ሄጄ ጆንያ ይዤ ተገተርኩ፤
የአልጋ ሳንቃ ሲልግ ከመላጊያው አፍ የሚወርደውን፣
እንደ ሕፃን ቁንዳላ የተጠቀለለውን
የዋንዛ ፍቅፋቂ ለቀምኩ።
«ለእሳት ነው?» አለኝ።
«ለመጋረጃ» ስለው፣ መላጊያውን አስቀምጦ አየኝ፤
አየኝና ደግሞ ሁለተኛ ጆንያ ሞላልኝ።
አሁን በአልጋዬና በምድጃው መሐል ተሰቅሎ፣
በሩ በተከፈተ ቁጥር ያንሾካሹካል፣ የእንጨት ሽታውን አዝሎ።

ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለችኝ፣ የጅማ ልጅ ናት፤
ጥንዳቸው የጠፋ ካልሲዎቼን አለበስኳት፤
አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሽንብራማ፣ አንዱ ተረከዙ የሳሳ፤
ለባለ ሦስት እግር የጥንድ ነገር ይረሳ።

መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ
አጥቤ በመስኮቱ ደረደርኩ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ድረስ።
የጅማ ፀሐይ በሐምሌ የጥድፊያ እንግዳ ናት፤
ቆማ ትሄዳለች፣ «ቁጭ በይ» ቢሏት፤
ግን ለዚያች ደቂቃ፣ በጠርሙሱ አልፋ ስትገባ፣
ወለሌ ላይ ማር ይፈሳል፣ ጉንዳን ግራ እስኪጋባ።

ፈድሉ የባጃጅ መስታወት ሰጠኝ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፤
ወጥ ሳማስል ከኋላዬ የመጣውን እንዳይ።
ያው ማንም አልመጣም። ፍቅፋቂው ብቻ ተወዛወዘ፣ ሳቀ።

ክረምቱ ሲከር ግድግዳው ራሱ ውሉን አፈረሰ፤
ከጣራው ሥር ተነስቶ እርጥበት ወደ ታች ፈሰሰ።
ነቢል፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ቀና ብሎ አየና
«ዝሆን!» አለ። እውነትም ዝሆን፤ ኩምቢ ብቻ ጎድሎት ነበርና
ከሰል አነሳሁ።
(ከሰል ቀለም ነው እንዴ?)
ኩምቢ ሠራሁለት፣ ዓይን ሠራሁለት፤ ነቢል ጅራቱን ሣለ፤
ጅራቱ ረዝሞ ረዝሞ በሩ ጋ ሲደርስ «ነቢል፣ ምሳ!» ተባለ።

ወሩ ሞላ። አዴ ዲንቂቱ መጡ፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፤
ፍቅፋቂውን ዳሰሱ፤ ሻሻቸውን በባጃጁ መስታወት አስተካክለው፣
በርጩማዋን «ማን አሳመማት?» ብለው፣
ዝሆኑ ጋ ቆሙ።
ምራቄን ዋጥኩ።
«ጆሮው አንሷል» አሉ።
ቆይተው ደግሞ፣ በልስን የተደፈነች ነጥብ እየነኩ፦
«ሟቹ ሰዓት የሰቀለው እዚህ ነበር። ምስማሩን እኔ ነኝ የነቀልኩ።»

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦
«ቤቱ አምሯል፤ ያማረ ቤት ደግሞ ዋጋው ጨመረ፤
ከመስከረም ሦስት መቶ።» አፌ ተከፍቶ ቀረ።
«ሦስት መቶ ከጨመርኩ» አልኩ፣ «አንድ ምስማር ይፈቀድልኝ።»
በጣታቸው አንድ ነገር ቆጠሩ። ዝም አሉኝ።
«አንድ። አጭር። በድሮው ቀዳዳ።»

ስመታው፣ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው ገባ።
እስካሁን ባዶ ነው።
ዣንጥላዬን ልሰቅል እልና እጄ ይመለሳል፤
የቀን መቁጠሪያ እልና፣ እሱስ የትም ይውላል።

አሁን አዴ ዲንቂቱ ወር ሳይሞላም ብቅ ይላሉ።
«ምን ሰቀልሽበት?» ይላሉ።
«ገና ነኝ።»
«ይቆይ» ብለው፣ ባለ ካልሲዋን በርጩማ ወደ ዝሆኑ ጎተት ያደርጋሉ፦
«በይ እስቲ ከሰሉን አቀብዪኝ።»