ፌርማታ

ጺያላ ስም ስታወጣ ብዙ አትጨነቅም፣
ካገኘችበት ቦታ አልፋ አትሄድም።
አንዷን ድመት «ጎማ» አለቻት፣ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ አውጥታ፣
ሌላዋን «ፋርማሲ»፤ ሦስቱን ቡችሎች «የድልድይ ማታ»።
እሱን ግን፦
«ፌርማታ»።

አራት ቁጥር አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ፣
በሩ ሲከፈት ጅራቱን አንዴ ወዝውዞ፣ አንዴ ትቶ፣
የሚወርደውን ሁሉ ጫማ ጫማውን አሽትቶ፣
አይደለም፣ ይሄም አይደለም፣ ብሎ ተመልሶ የሚተኛ፣
አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት የከረመ ብቸኛ።

የኩታይሲ ሰው ደግ ነው፤ ዳቦ ይጥልለታል፣
የዓሣ ጭራ፣ የአይብ ቅርፊት፤ ሲያልፍም «አይዞህ» ይለዋል።
ግን «አይዞህ» ጣራ የለውም፣
«አይዞህ» በር የለውም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል በኛ አገር፤
እሱ የበላው ግን በሁሉም ደጅ ነበር።
የቱ ጋ ይጩህ?
የማንን ሌባ ያባርር?

ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ከተዘጋው የሻይ ፋብሪካ፣
ሠራተኛው ቢበተንም ሣጥኑ አልተበተነም ለካ፣
በየሣጥኑ የሰው ካፖርት፣ የሰው ሹራብ አንጥፋ፣
አርባ ሦስት ነፍስ ታስተኛለች፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ተንፋፍታ።
ጡረታዋ ሩዝና የዶሮ እግር ሆኖ ይፈላል፤
ጎረቤት ቀን ይሰድባታል፣
ማታ፣ ሰው ሳያየው፣ ፍርፋሪ ይልካል።

ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ አምስት ጥያቄ አለበት፦
«መንገድ ስትሄድ ማን ያበላዋል?
ምንጣፍህ ላይ ቢሸናበት?
ልጅ ሲወለድ ወዴት ይሂድ?
ሲያረጅስ፣ ዓይኑ ሲጠፋ፣ ስምህን ሲረሳ?»
አምስተኛውን አፍ አውጥታ አትጠይቅም፤
እጁን ታያለች፣ ወደ ውሻው እንዴት እንደሚያነሣ።

ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ፤
«ያንን የፌርማታውን» አለ፣ ድምፁ ተቆራርጦ።
አወቀችው።
ኦቲያ።
የማዘጋጃ ቤቱ ሰው። የሽቦ ገመዱ። የአረንጓዴው መኪና።
የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አጥር ላይ ተንጠልጥላ እያየች፣
ውሻዋን ከደጅ የወሰደው።

ጥያቄዎቿ ጠፉባት፤ አንድ ብቻ ቀራት፦
«ስንት ነበሩ?»
«ቆጥሬ አላውቅም» አላት።
«በራስ ሁለት ሩብል ነበር። ደመወዜ ስለሆነ እንጂ...»
አልጨረሰውም።
«አልሰጥህም» አለችው።
በሩ ከዛገ ማጠፊያው ጋር ጮኾ ተዘጋ።

በሳምንቱ መጣ። ውሻውን አልጠየቀም፤ ባልዲ አነሣ።
በሳምንቱም። ወለል ፈገፈገ፣ ያን ማጠፊያ ዘይት አጠጣ፣
እከክ የወረሳትን ጎማን መድኃኒት ስትቀባት ያዘላት፤
እስከ ክንዱ ቧጨረችው፤ ዝም አላት።
ሰባት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ፤
አንዳቸውም ስለ ድሮው ትንፍሽ አላሉ።

በስምንተኛው፣ ፌርማታ ራሱ ከሣጥኑ ወጣ፣
እያነከሰ፣ እየቆመ፣ ወደ ሽማግሌው መጣ፣
ጫማውን አሸተተ።
እንደገና አሸተተ።
ጺያላ ባልዲዋን ይዛ ቆማ ጠበቀች፦
አይደለም ብሎ እንዲመለስ።
አልተመለሰም።
ጫማው ላይ አገጩን ጥሎ ተኛ፣
ከመንገድ የገባ ሰው ቦርሳውን እንደሚጥል።

ይቅር አላለችውም። ዛሬም አላለችውም።
ወረቀቱን ግን አስፈረመችው፤
አራቱን ጥያቄ በጀርባው ጻፈችለት፤
አምስተኛውን ሰባት ቅዳሜ ሙሉ አይታዋለች።

አሁን አራት ቁጥር ሲመጣ ሁለቱን ታያቸዋለህ፣
አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዱ ከሥሩ።
ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፤
ውሻው ጆሮውን ብቻ ያነሣል፤
አውቶቡሱ ይሄዳል።

ያን ዕለት ማታ ባዶውን ሣጥን ልታጥብ ስትነሣ፣
ከበሩ ሥር ካርቶን አገኘች፣ በገመድ የታሰረ፣ የረጠበ፤
ፈታችው፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ እንደ ጭቃ የተጣበቀ።
በባትሪ፣ በጣቷ ጫፍ፣ አንድ በአንድ ለየቻቸው።
አንድ። ሁለት። አንዷ ቀዝቅዛለች፤ እሷንም፣ ሦስት።
አራት።

እሷ ትቆጥራለች።