ችሎትና ችሎታ

በጎንደር ነሐሴ፣ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣ ድምፅና ድምፅ ሲጠፋፋ፣
ዳኛው በእጁ «ጻፍ» አለኝ፤ ገባኝ፤ ማንም አልተከፋ።

ይርገዱ ቆማለች፣ የአዘዞዋ ልብስ ሰፊ፣
ጆሮዋ ድሮ የተዘጋ፣ ጣቷ ግን ለፍላፊ።
«ችሎታ የላትም፤ ሞግዚት ይሾምላት» አለ፣ ዋርሳዋ ነው ከሳሿ፤
አስተርጓሚ ጠፋና
እሱው ሆነ ምላሷ።

ግንባር ዳሰሰች፣ አየር አዘለች፣
ከመቀነቷ ፈታች የክሊኒክ ደረሰኝ፤
ቋንቋውን አልተማርሁም፤ ነገሩ ግን ደረሰኝ።

«ምን አለች?»
«እንጃ» አለ ዋርሳዋ፣ ጃንጥላውን እያጠፈ፤
ዝናቡ ያኔ አለፈ።

በአሥሩም ጣቷ ስትሟገት ዋለች፤
እኔ ጻፍሁ፣ በዚህ እጄ፦
«ተጠየቀች። ዝም አለች።»