ግማሽ ሰከንድ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት፤
ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንልበት።
ኬብሮን ከተኛ በኋላ ወሬያችን በሹክሹክታ፣
ማንኪያ እንኳ ሳህን ላይ የሚያርፈው በዝግታ፤
የልጁ እንቅልፍ ማጠፊያው እንደዛገ በር ነው፣
ሽው ያለች ንፋስ ሁሉ አስጩሃ የምትከፍተው።

ትረካ እንወዳለን። ትርንጎ የሚያስቀውን፣
እኔ የሌባና የፖሊሱን።
በፊት አንድ ባለገመድ ነበረን፦ ቀኙ ለእሷ፣ ግራው ለእኔ፣
ገመዱ አጭር ስለሆነ ጉንጯ ከጉንጬ፣ ጎኗ ከጎኔ።
እሷ ስታዛጋ ከእኔ ጆሮ ይነቀላል፣
እኔ ስገላበጥ የተራኪው ቃል ጉሮሮው ላይ ይንጠለጠላል።
አንድ ሌሊት ገመዱ አንገቱ ላይ ተበጠሰ፤
ቀኙ ዝም አለ፣ ግራው ሁለት ቀን ሲያቃስት ሰንብቶ ጨረሰ።

ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ መያዣው ጋ፣ ጃንጥላ ስር የሚሸጥ ልጅ፣
«ስልክህ ሁለት ጥንድ ይቀበላል ወይ?» ብሎ ነጠቀኝ ከእጅ።
ነካካው። ብሉቱዙን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤
የአንዷ ሳጥን መብራት ብልጭ አለች፣ ሁለተኛዋም ተከተለች።
«ይኸው፣ እንደ መንታ እናት ነው፣ ሁለቱንም ያጠባል፤
ባትሪው ግን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደ እናትየዋ ቶሎ ይደክማል።»
ትርንጎ የዕቁቧን ብር እየቆጠረች፣
መቶ ብር አስቀነሰች።

ያን ማታ ጉንጯ ከጉንጬ ተላቀቀ።
ስልኩ መሀላችን፣ እኔ ወደ ግድግዳው፣ እሷ ወደ መስኮቱ፣
አንዱ ታሪክ በሁለት ቤቱ።

ችግሩ፣ የእኔ ጥንድ ሰነፍ ነው፤
ከእሷ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚያሰማው።
ትርንጎ ትስቃለች፤ እኔ የሳቀችበትን እጠብቃለሁ።
እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፤ እኔ በሩ ሲንኳኳ ገና እሰማለሁ።
ታሪኩን ቀድሜ የማነበው ከፊቷ ላይ ነው፤
ጆሮዬ እንደዘገየ ምስክር ኋላ መጥቶ ነው «ልክ ናት» የሚለው።
አንድ ቀን ተቀያየርን። እኔ ቀደምኩ።
ከመሳቄ «ታውቀዋለህ እንዴ?» ብላ ተቆጣች፣ አፈርኩ።
መልሰን ተቀያየርን።

መብራት የሄደ ሌሊት፣ ስልኩ አስር ፐርሰንት ሲደርስ፣
«አንዳችን እንውረድ» ትላለች፣ እንደ ታክሲ ትርፍ ሰው፣ «ለሌላው ይድረስ።»
እኔ እወርዳለሁ። እሷ እየሰማች በጆሮዬ ትነግረኛለች፣
ግማሽ ደቂቃ ዘግይታ፣ ከራሷም ጨምራ፤
በማግስቱ ሳዳምጠው፣ ሌባው የሚያነክስ አልነበረም፣
ፖሊሱም አማቱን አይፈራም።
የእሷው ይሻላል።

ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ ሌሊት ነው የሚመጣው፤
ጀሪካኗን አንስታ ትወጣለች፣ ከጆሮዋ ሳትነቅለው።
እስከ በራችን ደህና ነው፣ ኮሪደሩም ይፈቅድላታል፤
ሦስተኛው ደረጃ ላይ ግን ድምፁ ይጠፋል፣
ጆሮዋ ውስጥ የምትኖረው ሴት በእንግሊዝኛ «ተለያይታችኋል» ትላታለች።
ትርንጎ ተመልሳ ስትነግረኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች፦
«ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ ደረጃ ላይ አፋታችን እኮ!»
እኔ የሳቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ያለ ማዳመጫም።
እሷ ታች ሳለች ትረካው ለእኔ ብቻ ይፈስ ነበር፤
ጥያት የሄድኩ መሰለኝ፤ አቆምኩት፣ የነጠላ ጫማዋን ኮቴ ለመቁጠር።

ኬብሮን ሲነሳ ግን፣
የእሱ ድምፅ ብሉቱዝ አይፈልግም፣ ወረፋ አይጠብቅም፣
ለሁለታችንም እኩል ይደርሳል፤ አይቀድምም፣ አይዘገይም።
ያኔ እኔ ወደ ግድግዳው፣ እሷ ወደ መስኮቱ፣
ሁለታችንም ጆሯችንን እንደወተፍን
ያልሰማ ሰው እንመስላለን፣
ግማሽ ሰከንድ።