ሊታፈርበት የሚገባ

ፓዱዋ ላይ ጉም ነው፤ ኅዳር ተጋምሶ፣
የቦዩ እርጥበት መስኮቱን አልብሶ።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከሰም ገላ መሐል
ኢዞታ ብቻዋን ጥጥ ይዛ ትውላለች፤
የጎበጠ ጣትን፣ የተላጠ ጆሮን ትጠግናለች፤
ስማቸው ሲደበዝዝ፣ በቀጭን ብዕሯ መልሳ ትጽፋለች።

ዛሬ ተራው የዚህችኛዋ ነው፤
ከወገብ እስከ ጭን ብቻ የተቀረጸች፣
ፊት ያልተሰጣት፣
ማን ነሽ ብሎ ማንም ያልጠየቃት።
ሰሙ ደኅና ነው።
መለያው ወረቀት ግን በብል ተበልቶ፣
የፊደሉ ግማሽ ከመርፌው ሥር ጠፍቶ።

«ምን ይል ነበር?» አለች ሽማግሌውን፣
ጋልቫንን፣ ላቲን አስተምሮ ጡረታ የወጣውን፣
ለማሞቂያው ሲል እዚህ የሚውለውን።

«ፑደንዱም» አለ፣ መነጽሩን እያበሰ።
«ግሡ ማፈር ነው። ግን ልብ በይ፤
አፈረች አይልም፣ ታፍራለችም አይልም፤
ሊታፈርበት የሚገባ ነው የሚለው።
ዕዳ ነው ቃሉ፤
ገና ሳትወለድ የተፈረመባት፣
ሳትበደር ወለድ የወለደባት።»

ኢዞታ ሳቀች፤ ሳቁ አፍንጫዋ ላይ ቀረ።
«ጉልበት ከድቶ ሰው ይጥላል፤ ጉልበት መቼ አፈረ?
ምላስ ዋሽቶ ያስገድላል፤
ስሙ ያው ምላስ ነው፣ ማን ቀየረ?
እኔ ሁለት ልጅ ያወጣሁበት፣
እርስዎም ራስዎ የወጡበት በር፣
እሱ ብቻ ነው እንዴ የሚያፍር?»

ሽማግሌው ዝም አለ።
ማሞቂያው አንዴ ጓ አለ።
«ግሪኮችም» አለ ቆይቶ፣ «ከማፈር ነው የጠሩት፤
ግን የነሱ ማፈር ሁለት ፊት ነበረው፤
ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበር መነሣትም
ያው እሱ ቃል ነው።
ሮም ሲደርስ ነው መሰለኝ አንዱ ፊት የወደቀው።»
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን ተደግፎ፣
ተነሣ። ምክንያቱን አልተናገረም።

እኔም ይህን ስጽፍ
የራሴን መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤
«ኀፍረተ ሥጋ» ይላል፣ ያለ አንዳች ማመንታት።
ፓዱዋ ሩቅ መስሎኝ፤
ለካ አጥር ነው የሚለየን፣ እሱም ዝቅተኛ።

ኃላፊው ሰኞ ይመጣል፤ መዝገቡ ስም ይፈልጋል።
ኢዞታ አዲስ ወረቀት ቆረጠች፤
ያንኑ ቃል፣ ከነመጨረሻው፣ አልቀየረችም፤
በእርሳስ ግን ጻፈችው፣ ሳሳ አድርጋ፣
የሚመጣው ሰው በአውራ ጣቱ እንዲያጠፋው።

መርፌውንም እንደ ድሮው ሰሙ ላይ አልወጋችም።
ከጎን፣ እንጨቱ ላይ ሰካችው።