አንቱታ

ሰንጋ ተራ፣ ሃያ አንደኛ ፎቅ ላይ
ወንበሬ ዛሬ ያለ እኔ ይሽከረከራል።
ሰባት ዓመት የሰው ብድር መዝኜበታለሁ፤
“ይህ ይከፍላል፣ ይህ አይከፍልም” ብዬ እየፈረምኩ፣
የራሴን ዕዳ አንድ ቀን ሳልቆጥር።

ሹመቱ ሐሙስ ዕለት መጣ። ዳይሬክተር።
መኪና ከነሾፌሩ፣ የቤት አበል፣
እና የምሞላው አንድ ቅጽ፦
የባለቤት ስም፣ ከፊቱ ረጅም ባዶ መስመር።
አለቃዬ ሳቀ፤ “መክብብ፣ እንግዲህ ጊዜው ነው፤
ለባንኩ እራት ዘንድሮም ብቻህን እንዳትመጣ።”

ቋንቋችን ግስ ሁሉ ላይ ጾታ ይለጥፋል።
“ደወለ” ካልኩ ጉድ ፈላ፣
“ደወለች” ካልኩ ዋሸሁ።
ስለዚህ አንቱ እያልኩት ኖርኩ፦
“ደውለው ነበር”፣ “ትንሽ አሟቸዋል”፣
“እሳቸው ሽንኩርት አይወዱም”።
ጸሐፊዋ ትርንጎ፣ አክስቴ ይመስሏታል፤
አንዳንዴም የንስሐ አባቴ።
ኪሩቤል ግን ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣
ካልሲውን ገልብጦ የሚያደርግ፣
በመስታወት ፊት ሲላጭ የሚያፏጭ፤
በሰዋስው ብቻ ሸበተብኝ።

ቅጹን ባዶውን መለስኩ፣ መልቀቂያዬን ከሥሩ አድርጌ።

ቃሊቲን አልፌ፣ የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ነፋስ ውስጥ፣
አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ማዶ፣
“ሚዛን እንጠግናለን” የሚል ሰሌዳ፣ ግማሹን ዝገት የበላው።
አባቴ ለምን መጣህ አላለኝም።
ካቻቢቴውን አቀበለኝ።
የሥጋ ቤት ሚዛን ነበር፣ ሰማንያ ግራም የሚሰርቅ።
“ሚዛን እኮ አይዋሽም” አለ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣
“አንዱ ጣቱን ያሳርፍበታል እንጂ።”

ደስ ብሎኛል አልልም።
ማታ እጄ ግራሶ ይሸታል፣ ወገቤ ይቆረጥማል፤
ወር በገባ ቁጥር ደመወዙ ትዝ ይለኛል፣
ከመስኮቱም የእንጦጦ ጫፍ፣ ከዝናብ በኋላ።

ኪሩቤል ሲደውል ከውሃ ታንከሩ ጀርባ እሄዳለሁ።
“ደህና አመሹ?” እላለሁ፣ ተከራዮቹ እንዳይሰሙ።
“ደህና ነኝ ልጄ” ይላል፣ ድምፁን አስረጅቶ።
እንስቃለን።
ከዚያ ዝም እንላለን፣
የጎረቤት ጄኔሬተር መሀላችን እየጮኸ።

ዛሬ ዓርብ፣ አባቴ መሰላል ላይ ነው፣
የሱቁን ጣሪያ አፍርሶ፣ ሦስት ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ።
ቁልቁል አላየኝም።
“እኚያ፣ እሳቸው የምትላቸው” አለ፣ በሚስማሮቹ መሀል፣
“ቆርቆሮ መያዝ ይችላሉ?”

ጉሮሮዬ ደረቀ።
“ይችላሉ” አልኩ።

መዶሻው ሁለቴ መታ፣ ቆመ።
“ነገ ከሰዓት ዝናብ አለው” አለ፤
“በጠዋት ይምጣ።”