የኛ ቅጂ

አፉላ ላይ ነበር፣ ሦስተኛው ፎቅ ቤት፣
ወንድሜ ዋሴ እና አንድ አሮጌ ካሴት።
አቧራ ሲይዘው በትንፋሹ ነፍቶ፣
በመዳፉ መትቶ፣ እንደገና ከቶ፣
ቀይዋ ቀበሮ ብቅ ስትል ከዋሻ
እኔ ሱፍ ስፈለፍል እስከ መጨረሻ።

መጨረሻውን ግን አልወደድነውም፤
ዘንዶውን ገድላ፣ ግንቡን ብትፈጽም
የሚጠብቃት ሣር ነው፣ ሌላ ነገር የለም።
እዚያ ባዶ ሜዳ በጉልበቷ ወድቃ
ትሰግዳለች፤ ለማን? ሙዚቃው እስኪያበቃ።
«ካሴቱ ተጭሮ ነው» ይላል ዋሴ ተናዶ፣
«አንድ ነገር ጎድሏል፤ ማን ይሰግዳል ለባዶ?»

የፕሮስፐር አጎት መርከበኛ ነበር፤
ያቺኑ ቀበሮ ከጃፓን አገር
ከነማጫወቻዋ ሃይፋ ሲያወርዳት
የሕንጻው ልጅ ሁሉ ወረፋ ያዘላት።
በኛ ቴሌቪዥን ቀለሟ ጠፍቶባት
ጥቁርና ነጭ ሆና፣
ግን እንዴት ፈጠነች!
ዜማው ራሱ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነውና።

ስንጠይቀው ሳቀ፤ «የዚህ አገር ስክሪን
በሰከንድ አምሳ ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል፤
የዚያኛው ስልሳ ነው፤ የኛ ያዘግማል፣
ከስድስት እርምጃ አንዷን ሰርቆብን።»

ዋሴ፣ የሕንጻው ጀግና፣ እጁ በዝግታ ለምዶ
ሞተ ሦስት ጊዜ በአንድ ጉድጓድ ወርዶ።

ግንቡን ፕሮስፐር ጨረሰ። ሜዳው ላይ ድንጋይ አለ፣
በማናውቀው ፊደል ስም የተቀረጸበት፤
ቀይዋ፣ ግራጫ ሆና፣ ሰገደችለት።
መቃብር! ለኛ ሲልኩት አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ
«ልጆቹ እንዳይከፋቸው» ብሎ ድንጋዩን ሲቆርጥ
ስግደቷን ረሳው፤ ተወው እንዳለ።
ሁሉም ጮኸ ያኔ። ዋሴ ምንም አላለ።

አባታችን በዓመት፣ እሱ በሚያውቃት ቀን፣
አንዳችንን ሳይጠራን፣
በረንዳ ወጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ አቅንቶ
ጎንበስ ይላል፤ ከታች የቆመ መኪና ሞልቶ።
እኅታችን እንጉዳይ ገዳሪፍ መንገድ ላይ
ቀርታለች፤ ድንጋይም የላት፣ ምልክትም ከላይ።

በዚያው ሌት ዋሴ የኛን ካሴት ነፍቶ፣
ጉድጓዱን ዘሎ፣ ዘንዶውን ረትቶ፣
ሜዳው ሲደርስ ዳግም «ተጭሯል» አላለም፤
መቆጣጠሪያውን ወለል ላይ አኖረው፣ አልነካውም።

ስግደቷን ሁለቴም ቆጥሬያለሁ በጣት፤
ፕሮስፐር ቤት ሃያ ሰከንድ ነበር፣
እኛ ቤት ሃያ አራት።